ወንድሜ «ምን ላምጣልሽ?» አለኝ፤ ኪንድል ልበለው ወይስ ታብሌት?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፤

ይህን ዓምድ ሁልጊዜ አነባለሁ። የሌሎቹ ጉዳይ ትዳር ነው፣ ውርስ ነው። የእኔ ስለ ዕቃ ስለሆነ ትንሽ እያፈርኩ ነው የምጽፍልዎ።

39 ዓመቴ ነው፤ ጠበቃ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራዬ ማንበብ ነው ማለት ይቻላል። አዋጁ፣ ደንቡ፣ የሰበር ውሳኔው ሁሉ ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። ልደታ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ በስልክ አነባለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙም በስልክ አነባለሁ። ሁለት ሰዓት ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ራሴንም ያመኛል።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣል። «የምታነቢበት ነገር ላምጣልሽ፤ አንድ ምረጪ» አለኝ። ሚስቱ ኪንድል የሚባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ አላት። ባለፈው ሲመጡ አይቼው ወረቀት ነው የመሰለኝ፤ በጣም ወደድኩት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ልብወለድ ጨርሼ አላውቅም። እሱ ቢኖረኝ እንደገና የምጀምር ይመስለኛል። የቢሮ ጓደኛዬ ግን «ታብሌት አስመጪ፣ ሁሉንም ይሠራል» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «ስልክሽ ምን ሆነ? ብሩን ይስጥሽና ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንክፈልበት» ይላል። ታብሌት ከመጣ ልጆቹ ለካርቱን እንደሚወስዱብኝ አውቃለሁ። ወንድሜም ቢሆን ኑሮው ቀላል አይደለም፤ ውድ ነገር አምጣ ማለት ይከብደኛል። ነገሩን ሳብሰለስል ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልበለው?

የሌሊቷ አንባቢ፣ ከሰሚት

*

እህቴ፣ ስለ ዕቃ መጻፍ ምን ያሳፍራል? ዓይንሽ ይቆረቁርሻል፣ የባለቤትሽን ቃል በሆድሽ ይዘሻል፣ ወንድምሽ ላይ እንዳትከብጂ ትጨነቂያለሽ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ እንቅልፍ ቢነሳሽ አይገርምም።

ደግሞ የጠየቅሽው በዚሁ ጉዳይ የከሰረ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ባለ 6 ኢንች ማንበቢያ አስመጣኋት። የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር ነበር። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አነበብኩበት፤ ፊደሉ እንደ ወረቀት ጥርት ብሎ ይታያል። «እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?» አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የራሴን ፋይሎች ጫንኩበት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ፒዲኤፍ ስከፍት ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ መሰለኝ። አጎላሁት። ስክሪኑ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ ብልጭ አለና የገጹ አንድ ጥግ ብቻ ቀረ። ወደ ቀኝ ጎተትኩት፤ ብልጭ። ወደ ታች ጎተትኩት፤ ብልጭ። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ምን እንደሚል ረስቼዋለሁ። በወሩ መሳቢያ ውስጥ ገባ። አሁን የጎረቤቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ታነብበታለች፤ እሷ ደስ ብሏታል። ዕቃው ምንም አልነበረበትም። እኔ ነኝ ወደፊት የማነበውን እያለምኩ፣ በእጄ ያለውን ፋይል ሳላይ ያስመጣሁት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቴሌግራምሽን ክፈቺና ባለፈው ወር ያነበብሻቸውን የመጨረሻ አሥር ፋይሎች ፈልጊ። ያነበብሻቸውን ነው ያልኩሽ። «አንድ ቀን አነበዋለሁ» ብለሽ ያስቀመጥሽውን ተይው፤ እሱማ ሁላችንም ጋ በመቶ ይቆጠራል። አንድ በአንድ ክፈቻቸውና አንድ ቃል ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ቆዪ። ቃሉ ከተመረጠልሽ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። ምንም ካልሆነ ስካን ነው፤ የወረቀት ፎቶ ማለት ነው። ተመርጦልሽ ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ ስትለጥፊው ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚረዱት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙ ሰው ለዓመታት በለመደው የድሮ ፎንት ሲጽፍ ኖሯል።

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ትይኝ ይሆናል። ማንበቢያዎቹ ፊደል የሚያሳድጉልሽ ፋይሉ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ፋይል) ወይም ወርድ ከሆነ ፊደሉን ታሳድጊዋለሽ፣ መስመሩ ራሱን እያስተካከለ ይወርዳል፤ ባለ 6 ኢንቹም ይበቃል። ስካን ከሆነ ግን ገጹ ፎቶ ነው። ፎቶ ይጎላል እንጂ መስመሩ ታጥፎ አይወርድልሽም። በፒዲኤፍ ላይ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የስክሪኑ ስፋት ነው።

ልገምት? ከአሥሩ ስምንቱ ፒዲኤፍ ይሆናል፤ አብዛኛው ደግሞ ስካን። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ለጠበቃ አላስተዋውቅም፤ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ፣ ሁለት ዓምድ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ስለሆነ እንግሊዝኛውን ብቻ አይቶ ማለፍ የለም። ፊደላችን ደግሞ በትንሽ ነገር ነው የሚለያየው። «ባሉ» እና «ባሏ» መካከል ያለችው አንዲት ጭረት ናት። በውርስ መዝገብ ላይ ያቺ ጭረት ከጠፋችሽ ምን እንደሚመጣ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

አሁን በጥቂት ብር የምትጨርሺው ሙከራ ልስጥሽ። አንድ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽና አንድ የሰበር ውሳኔ ገጽ በኤ4 ይዘሽ ቢሮሽ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሂጂ። «እያንዳንዱን አንዴ በ71 በመቶ፣ አንዴ በ50 በመቶ አሳንሰህ አንሳልኝ» በይው። ማሽኑ ላይ ይህ ቁጥር ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ አይቸገርም። 71ዱ የኤ4 ግማሽ ሆኖ ይወጣል። ባለ 10.3 ኢንች ማንበቢያ ላይ ገጹ የሚታይሽ በዚያ መጠን ገደማ ነው። 50ው የግማሽ ግማሽ ይሆናል። ባለ 7 ኢንቹ ኪንድል ያ ነው፤ 6 ኢንቹ ከዚያም ያንሳል። ወረቀቶቹን እዚያው ቆመሽ እንዳታዪያቸው። ወደ ቤት ውሰጃቸውና ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ሁልጊዜ በምታነቢበት መብራት አንብቢያቸው። ማንም ሻጭ የማይነግርሽን ነገር እነሱ ይነግሩሻል።

50ው እንደሚያስቸግርሽ ከወዲሁ አውቃለሁ። 71ዱም ካስቸገረሽ ግን ነገሩ ወደ ዓይንሽ ሊሆን ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በቅርቡ ስልኩን ከበፊቱ ራቅ አድርገሽ መያዝ ጀምረሻል? የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ክንድሽን ትዘረጊያለሽ? 40 ዓመት አካባቢ የዓይን ሌንስ እየደደረ ስለሚሄድ የቅርብ ነገር ማየት ይከብዳል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው፤ በመነጽር ይስተካከላል። አሸዋ አሸዋ የሚልሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድርቀት ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን ማርገብገብ እንቀንሳለን፤ ያኔ ይደርቃል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ወንድምሽ አውሮፕላን ሳይሳፈር ዓይንሽን ተመርመሪ። መነጽር ለሚያስፈልገው ዓይን የ500 ዶላር ስክሪን ምንም አይፈይድለትም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ያ የወደድሽው የኪንድል ስክሪን ኢ-ኢንክ ይባላል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለባቸው እንክብሎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጥቁሩ ወይም ነጩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ እዚያው ይቆያል። የሚያሳይሽ ውጭ ያለው ብርሃን ነው፤ ወረቀት የመሰለሽም ለዚህ ነው። ሲጨልም የሚበራ መብራት አለው። ባትሪው በሳምንታት ይቆጠራል። መብራት ሲጠፋ የማያሳስብሽ ነገር ማለት ነው፤ ይሄን አትናቂው። ፍጥነት ግን የለውም፤ ማጉላትና መጎተት ላይ ያ ብልጭታ ይመጣል።

ኪንድል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ጀምሮ የተሠራው ከአንድ መደብር ለሚገዛ መጽሐፍ ነው። ከ2022 ወዲህ ኢፐብ ፋይል በራስሽ አካውንት ስትልኪለት ይቀበላል። ቴሌግራም ግን አይከፍትም። አንቺ ፋይል የሚደርስሽ በቴሌግራም ከሆነ እያንዳንዱን በስልክ ወይም በኮምፒውተር በኩል እያሳለፍሽ ልትልኪለት ነው። ሁለት ቀን ታደርጊዋለሽ፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለችሻል። ደግሞ የአማርኛው ጉዳይ አለ። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ፊደል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ፋይል ግን መሣሪያው ላይ ባለው ፎንት ይወሰናል። ፊደላችንን የማያውቅ መሣሪያ ከሆነ ሣጥን ሣጥን ብቻ ያሳይሻል። ለዚህ መገመት አያስፈልግም። የወንድምሽ ሚስት ጋ ኪንድል አለ አላልሽም? አንድ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍና አንድ የአማርኛ ወርድ ፋይል ላኪላት። ከፍታ የስክሪኑን ፎቶ ታንሳልሽ። ነገሩ በአንድ ምሽት አለቀ።

ኢ-ኢንክ ሆኖ ሰፋ ያለ፣ በአንድሮይድ የሚሠራም አለ፤ ቡክስ የሚባለው በዚህ ይታወቃል። በ10.3 ኢንች ይገኛል፣ አፕ ይጭናል፣ ቴሌግራምም ይከፍታል፣ በብዕር ይጻፍበታል። ለአንቺ ሥራ የተሠራ የሚመስለኝ እሱ ነው። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ይሄን ወንድምሽን መጠየቅ እንደሚከብድሽ ከደብዳቤሽ ገብቶኛል። ቢበላሽ ደግሞ እዚህ የሚጠግንልሽ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ባለ 11 ኢንች ታብሌት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ200 ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይገኛል። ስልክሽ ላይ አማርኛውን ያሳየሽ ሁሉ እዚያም ያሳይሻል። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፦ ፒዲኤፉን ስታነቢ አግድም ያዢው። የ11 ኢንች ታብሌት ረጅሙ ጎን 23 ሴንቲ ሜትር ይሞላል፤ የኤ4 ወርድ 21 ነው። ገጹ ግማሽ ግማሹን ነው የሚታይሽ፣ ፊደሉ ግን ከወረቀቱም ትንሽ ይበልጣል። ጣትሽን ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው፤ ግራ ቀኝ መጎተት የለም። ጉድለቱን ታውቂዋለሽ። ብርሃን ያወጣል፣ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ ያንጸባርቃል። የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር አመጣጥነሽ ዝቅ አድርጊው። ነጩን ወደ ክሬም የሚቀይር ማስተካከያ አለው፤ ማታ ማታ እሱን አብሪው።

እኔን ካልሽኝ ታብሌቱን ነው የምመርጥልሽ። ቅር እያለኝ ነው ይሄን የምልሽ፤ የእኔ ልብ ኢ-ኢንኩ ጋ ነው። ግን እንጀራሽ ያለው ስካን ላይ ነው። ወንድምሽ ራሱ «ዋጋው አያስጨንቅሽ» ካለ ትልቁን የአንድሮይድ ኢ-ኢንክ ያዢ። ትንሿን ማንበቢያ ግን ለዚህ ሥራ አታስመጪ። የእኔ መሳቢያ ይበቃል።

ልብወለዱስ ትይኛለሽ። እሱን እያሰብኩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ልብወለድ ያልጨረስሽው መሣሪያ ስላልነበረሽ ነው? ወይስ ማንም «እማዬ»፣ ማንም «መዝገቡ የት ደረሰ?» የማይልሽ አንድ ሰዓት ስላጣሽ? ሁለተኛው ከሆነ ያንን ሰዓት ኪንድል ይዞልሽ አይመጣም። የአማርኛ ልብወለድ አሁንም በብዛት ያለው ወረቀት ላይ ነው። ከልደታ ስትመለሺ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ውረጂና ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮቹ አንድ ቀጠን ያለች መጽሐፍ ግዢ፤ ቦርሳሽ ውስጥ ትቀመጥ። በቴሌግራም የሚዞረውን ስካን ልብወለድ ግን ተይው። የደራሲው ላብ ነው፤ ለጠበቃ ደግሞ ይሄን መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። ማታ አልጋ ላይ ሁለት ሰዓት ስልክ ላይ ስታፈጪ ከጎንሽ ያለው ሰው የሚያየው ስልክ ነው፤ የሰበር ውሳኔ እያነበብሽ እንደሆነ ከየት ያውቃል? ያቺን በ50 በመቶ ያስነሳሻትን ወረቀት ስጪውና «እስቲ ሦስት መስመር አንብብልኝ» በይው። ከዚያ ስልክሽን ስጪውና ያንኑ ገጽ ይክፈተው፤ ከወረቀቱም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ክርክር አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በእርግጥ ከጠበባችሁ እሱን ለብቻው ተነጋገሩበት። የወንድምን ስጦታ በብር መለወጥ ግን ሰጪውን ያቀዘቅዘዋል፤ እሱ ያሰበው አንቺ ስታነቢ ነው።

ልጆቹን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ታሸንፊያቸዋለሽ ብዬ አልዋሽሽም። ሲም የሌለው፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ይሁን። ዩቲዩብና ቲክቶክ ገና ከመጀመሪያው አይኑሩበት። የይለፍ ቁጥሩን ያንቺ ብቻ አድርጊው፤ የልደት ቀንሽ እንዳይሆን፣ የሰባት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከመዝገቦችሽ ጋር ቦርሳ ውስጥ ይደር። ካርቱን ያልገባበት ታብሌት ለልጅ የእናት መዝገብ ነው፤ ቶሎ ይሰለቸዋል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ «አንድ ምረጪ» ያለሽ እሱ ራሱ ነው፤ የምትለምኚው ነገር የለም። ለሚያመጣ ሰው ከባዱ «ያገኘኸውን አምጣ» የሚባለው ነው፤ ሱቅ ገብቶ ይደናገራል። ቁርጡን ንገሪው። ደግሞ እዚያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ታብሌት አይጠፋም፤ ስካን ለማንበብ ትንሽ የቆየም ይሆናል። አዲስ ከገዛ ግን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይክፈተውና ይጠቀምበት። ጉድለት ካለው እዚያው ይመልሰዋል፤ ቦሌ ከደረሰ በኋላ መመለሻ የለውም። ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይያዘው።

እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ወንድምዓለም፣ እሺ መርጫለሁ። የማነበው አብዛኛው ስካን የሆነ የሕግ ፒዲኤፍ ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑ ሰፊ መሆን አለበት፣ 10 ወይም 11 ኢንች። ዋይፋይ ብቻ ይበቃኛል። እናንተ ጋ የማትጠቀሙበት ታብሌት ካለ እሱ ይሁነኝ፤ ከሌለ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል። ሁለት ፋይል እልክልሃለሁ፤ ከማምጣትህ በፊት እሱ ላይ ከፍተህ ፎቶውን ላክልኝ።»

መጀመሪያ ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠሩ ስለሚኖሩ ጠዋት ሂጂ።